ብርሃን የሚፈታው ቋጠሮ

ስልኩ እንደገና ይጠራል፣ እማዬ ናት፣ ከእሷ ሌላ በዚህ በዓል የሚፈልገኝ ሰው የለም፤ ፊቱን ወደ ታች ደፍቼ አስቀምጬዋለሁ፣ ግን ሲንዘፈዘፍ የገለባው ምንጣፍ አብሮት ይንዘፈዘፋል፣ እኔም ጆሮዬን ምንጣፉ ላይ ጥዬ ስለተጋደምኩ ጥሪው በጥርሴ በኩል ነው የሚገባው። እንቅልፍ ከከዳኝ ሰንብቷል። ሌሊቱ እምቢ ሲለኝ እስቲ ቀኑን ልሞክረው ብዬ መጋረጃውን ጋርጄ፣ መስኮቱን ግን ከፍቼ፣ መስኮት ዘግቼ ተኝቼ አላውቅም፣ በረዶ ሲጥልም ቢሆን፣ በዚህ በሰው ሀገር በናጎያ የነሐሴ ወበቅ ውስጥ ተዘርሬአለሁ፣ ውጭ ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት እንደ መጋዝ ይጮኻሉ፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል፣ ሰው ሁሉ በዓሉ ላይ ይመለሳሉ የሚባሉትን ሙታኑን ሊቀበል ወደየትውልድ መንደሩ ሄዷል። ጥሪው ቆመ። አሁን ስልኳን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ ደግማ ትደውላለች። ትላንት የላከችው መልእክት ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። እማዬ ስትጽፍ መጀመሪያ የኔን ጤና፣ ቀጥላ የአክስቴን ከብቶች፣ ከዚያ የዝናቡን ነገር ሳታነሳ ወደ ጉዳይ የማትገባ ሴት፣ «ጽሑፉን አይቻለሁ። ደውዪ» ብላ ብቻ ላከች።

ጽሑፉ። ዩኒቨርሲቲው ለበዓል ከመዘጋቱ በፊት ስለ ሥራችን መግለጫ አወጣ፣ ነጭ ጋውን አስለብሰው ፎቶ አነሱኝ፣ ትንሽ ፈገግ በዪ አሉኝ፣ ፈገግ አልኩ፤ ወዲያው እኛ ሀገር ኡላንባታር ያለ አንድ የወሬ ድረ ገጽ አገኘውና በእኛው ቋንቋ ርእስ አወጣለት። «የሀገራችን ልጅ ኻሊዩን ከከሰል መርዝ መድኃኒት ሠራች።» የከሰል መርዝ። እናቴ ቤት ይህ ቃል አይነሳም። ጎረቤት ካነሳው እማዬ ሻይ ልታፈላ ትነሳለች፣ ቴሌቪዥን ካነሳው ይጠፋል። እህቴን ዱልማን የወሰዳት እሱ ነውና። እኔ ደግሞ ለእማዬ ይሄን ሁሉ ዓመት የልብ መድኃኒት ነው የምሠራው እያልኩ ኖሬአለሁ።

ውሸት ሆኖ አልጀመረም። ስመጣ እውነትም የልብ ነበር። የፕሮፌሰር ኩዋባራ ቤተ ሙከራ ሥራው ይህ ነው፤ ሰውነታችን ለጥቂት ጊዜ የሚፈልጋቸው፣ ግን በእጅ ይዘህ የማታቆያቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለው ለምሳሌ የደም ሥርን ያላላል፣ ልብን ያሳርፋል፣ ግን ስሙን ጠርተህ ሳትጨርስ ይጠፋል፣ እንደ ክኒን አይዋጥ፣ እንደ ሽሮፕ አይቀመጥ። ስለዚህ እንቋጥረዋለን። ትልቅ ሞለኪውል ሠርተን እሱን መሐሉ እናስራለን፣ ቋጠሮው በደም ውስጥ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ማንንም አይነካም፣ ከታመመው ቦታ ሲደርስ ብርሃን እናበራበታለን፣ ብርሃን የነካው ቋጠሮ እዚያው ይፈታል፣ የታሰረው ነገር እዚያው ይወጣል፣ ሥራውን ሠርቶ እዚያው ይጠፋል። ስልክ ላይ ለእማዬ እንዲህ ስነግራት፣ «በችቦ የሚፈታ መድኃኒት በይኛ» ብላ ስቃ ነበር፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራችው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ አለፉ፣ ደስ ይሉ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም።

ከዚያ አንድ ቀን ኩዋባራ ጠሩኝ። ሺራኪም ነበር፣ ከእኔ በኋላ የመጣው ቀልደኛ ልጅ፤ አፉ አያርፍም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው።

«ናይትሪክ ኦክሳይዱን ለሺራኪ አስረክቢው» አሉኝ ኩዋባራ፣ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «አንቺ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የከሰሉን ጋዝ፣ ትይዣለሽ።»

«እኔ?»

«አዎ አንቺ። አትቸኩይም። ለመርዝ የሚሆነው የማይቸኩል እጅ ነው።»

«ደግሞስ፣ እትዬ ኻሊዩን» አለ ሺራኪ፣ «እናንተ ሀገር ምድሩ ሁሉ ከሰል አይደል እንዴ? ዘመድሽ እኮ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። እኚህ ሰው ቢቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው፣ ፕሮፌሰር ይቅርታ ይህን አልችልም ብላቸው ለምን ብለው አይጠይቁኝም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር። «እሺ» አልኩ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ለምን እሺ እንዳልኩ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ፊቱን ላየው ፈልጌ ይሆናል። ቤታችን የገባውን፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ማን እንደሆነ ማንም ያላየውን።

የማስታውሰው ጥቂት ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ዱልማ አሥራ ሰባት፣ አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ እማዬ የዳቦ ፋብሪካ የሌሊት ተረኛ ናት። ቤታችን ከከተማው በላይ ተራራው ወገብ ላይ ነው፣ የበግ ፀጉር የለበሰች ክብ ቤት፣ መሐሏ ላይ ምድጃ፣ ከምድጃው ሽቅብ ቱቦ። ብርዱ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚያደርቅ ነበር። ዱልማ ምድጃውን በድንጋይ ከሰል ሞላችው፣ እሳቱ እስኪነጋ እንዲያቆየን የቱቦውን መዝጊያ መለስ አደረገችው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል፣ እግሬን በእጇ አሸች፣ «የቄራ ሥጋ መሰልሽ» አለችኝ፣ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። ይኸው ነው። ከዚያ የሆስፒታል ጣሪያ፣ ጭንቅላቴን በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ነገር፣ አጠገቤ እማዬ የፋብሪካ ሽርጧን እንደታጠቀች። ዱልማስ አልኩ።  ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ቀልቶ፣ የተኛች ነው የምትመስለው፣ ሙት አትመስልም፣ አሉ። ትልቅ ሆኜ ለምን እንደሚቀላ ተማርኩ። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የአየርን ቦታ ይይዛል፣ ከአየር በላይ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ የያዘውን ደም ደግሞ ያቀላዋል። የሞተውን ሰው ጤነኛ ያስመስለዋል።

ጨለማው ክፍል ለዚህ ነው የከበደኝ። ቋጠሮዎቹ በሰማያዊ ብርሃን የሚፈቱ ስለነበሩ ስንሠራቸው ተራ መብራት አናበራም፣ ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ጣሪያው ላይ አንድ ቀይ አምፖል ብቻ አለ። ሺራኪ ጠርሙስ ሊያቀብለኝ ዞር ሲል ጉንጩ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ቀልቶ፣ ዓይኑን ጨፈን ካደረገ ደግሞ፣ ጠርሙሱን ተቀብዬ ፊቴን አዞራለሁ። የራሴ እጅም ቀይ ነው። ከመስተዋት በሩ ላይ የሚያየኝ የኔው ፊት ቀይ ነው፣ ዕድሜዬም ከእሷ አልፏል፣ ግን አገጫችን አንድ ነው፤ ስንት ጊዜ በዚያ መስተዋት ውስጥ ዱልማ ዓይኗን ልትገልጥ ነው ብዬ ትንፋሼን ይዤ ቆሜአለሁ። የጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ አንገትጌዬ ላይ ተሰክቶ እያለ፣ ምንም ሳይጮህ፣ ራሴን ያመኛል። «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል ሺራኪ። «ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ነው» እለዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ይበርዳል።

ስለዚህ ቀዩ መብራት እንዲወርድ ሠራሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በወረቀቱ ላይ የጻፍነው ምክንያት ትክክል ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን ከቆዳ አያልፍም፣ ቀይ ግን ሥጋን ሰንጥቆ ይገባል፣ መዳፍህን ባትሪ ላይ ብታስቀምጥ ጣትህ ቀይ ሆኖ እንደሚያበራው፣ ስለዚህ ጥልቅ ያለ በሽታ ጋ ለመድረስ በቀይ የሚፈታ ቋጠሮ ያስፈልጋል። ኩዋባራ ሐሳቡን ሲሰሙ ብድግ አሉ፣ እሳቸው ብድግ አይሉም። እኔ የማስበው ግን ሌላ ነው። በቀይ የሚፈታ ቋጠሮ ከተሠራ በቀይ መብራት ሥር ሊሠራ አይችልም፣ አምፖሉ መውረድ አለበት። ስንቱን ቋጠሮ ሠርቼ ጣልኩ፣ አንዱ ያለ ብርሃን በራሱ ይፈታል፣ አንዱ ፀሐይ ቢመታውም አይፈታም፣ አንዱ ይፈታና የሚቀረው ገለባ ራሱ መርዝ ይሆናል። ሰው ሁሉ ትጋት ይለዋል። በመጨረሻ አንዱ እሺ አለ። ደብዛዛ አረንጓዴ መብራት ተሰቀለ፣ ሺራኪ እጁን እያገላበጠ አይቶ፣ «ይኸው ሁላችንም እንቁራሪት ሆንን» አለ፣ እኔም ከልቤ ሳቅኩ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴት አረንጓዴ ናት፣ ማንንም አትመስልም። አንጀታቸው የቆሰለ አይጦች ላይ ሞከርነው፣ ሆዳቸው ላይ ቀይ ብርሃን አበራን፣ ጥቂት ጋዝ፣ በጣም ጥቂት፣ ሰውነት ራሱ አሮጌ ደም ሲያፈርስ በየቀኑ የሚሠራውን ያህል፣ ቁስሉ በረደ፣ አይጦቹ መብላት ጀመሩ። ኩዋባራ ለሁላችን የተጠበሰ ዓሣ ጋበዙ። እኔ ግን ከዚያ ሰሞን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ከክፍሉ ያስወጣኋት ወደ ቤት ተከትላኝ መጣች መሰለኝ፤ ዓይኔን ስጨፍን የዓይኔ ቆብ ውስጡ ቀይ ነው፣ እሱን አምፖል የሚያወርድ የለም።

በሩ ተንኳኳ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሃጊኖ ናቸው፣ ታችኛው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት፣ ስሜን መጥራት ስለማይሆንላቸው ካሪዩን ይሉኛል። በረዶ የገባበት ቀጭን ነጭ ፓስታ በሳህን፣ በሌላው እጃቸው አራት ስንጥር እግር የተሰካለት ኪያር ይዘዋል።

«ካሪዩን፣ ከሰሞኑ እህል የቀመስሽ አትመስይም። ብዪ እስቲ። ይሄንንም እዪልኝ፣ ፈረስ ይመስላል?»

«የኋላ እግሩ አጥሯል፣ ወይዘሮ ሃጊኖ። ዳገት ላይ ይወድቃል።»

«አንቺ የፈረስ ሀገር ሰው ነሽ፣ አስተካክዪው በይ።» ኪያሩን አቀበሉኝ፣ ስንጥሩን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ይህን ጊዜ ስልኩ ምንጣፉ ላይ ተንዘፈዘፈ። ወይዘሮ ሃጊኖ አዩት፣ አዩኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያዬን እየቆረቆረ ነው። ማነው?»

«እናቴ ናት።»

«ታዲያስ?»

«ሳትቆጣኝ አትቀርም።»

«የምትቆጣ እናት ማለት በሕይወት ያለች እናት ማለት ናት» አሉኝ ኪያራቸውን መልሰው እየተቀበሉኝ። «እኔ የኔዋን ከሙታን ሀገር በዚህ ጋልባ እንድትመጣ ነው የምጠብቃት። ቶሎ ትምጣልኝ ብዬ ፈረስ፣ ቀስ ብላ ትመለስ ብዬ የደበርጃን ላም። ስልክ ብትደውልልኝማ ኖሮ!» ደረጃውን እያቃሰቱ ወረዱ። ጥሪው ሳይቆም አነሳሁት።

«ኻሊዩን።»

«አቤት፣ እማ።»

«በልተሻል?»

«እየበላሁ ነው።»

«ሙቀቱስ?»

«ይገድላል» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

 ከእማዬ ኋላ የአውቶቡስ ጥሩንባ ይሰማል፣ አሁን የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ምድጃ የሌለበት ቤት፣ ሙቀቱ ከግድግዳ የሚመጣ። «የጎረቤቴ የብልግዙን ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ ነበር» አለች። «ፎቶሽ አለ። ከስተሻል። አነበበችልኝ፣ ሁለቴ አስነበብኳት።»

«እማ፣ ልነግርሽ ነበር፣ እኔ...»

«ቆይ፣ እኔ ልጨርስ። የሚለው ስለዚያ ነው? ስለዚያው? እኛ ቤት ስለገባው?»

«አዎ። እሱው ነው።»

እርግማን ጠበቅኩ። ለቅሶ ጠበቅኩ። ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ይሄን ጥበቃ ነው ለዓመታት በየሳምንቱ ስሸሸው የኖርኩት፣ እና አሁን ጉልበቴ ላይ የበረዶ ውሃ ከሳህኑ ይንጠባጠባል፣ ሳህኑን ያዘነበልኩት እኔ ነኝ።

«ሰው ያድናል?» አለች።

«ገና ያዳነው አይጥ ነው።»

«አይጥም ነፍስ ናት።» ትንፋሿ ይሰማኛል። «እንግዲያው ታውቂዋለሽ ማለት ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚወስድ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ያማል?»

የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ የሚለው። «አያምም። እንደ እንቅልፍ ነው። ሰው እንደተኛ በዚያው...»

«አትዋሺኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ያኔ ሐኪሙም እንደዚያ ብሎኛል። እኔ እኮ ተኝታ አላገኘኋትም።»

ምን? አልኩ፣ ወይ አላልኩም፣ ከንፈሬ ብቻ ይሆናል።

«በሩ ሥር ነበረች። በደረቷ ተደፍታ። በሩ የእጅ ስፋት ያህል ተከፍቷል፣ ክንዷ ውጭ በረዶው ላይ ነው፣ ሌላው ሰውነቷ ውስጥ። ክንዷ ደርቆ እንጨት ሆኗል። ለመግባት እሷን መግፋት ነበረብኝ፣ ኻሊዩን፣ ልጄን በበር ገፋሁ። መጀመሪያ አንቺን ጎትቼ አወጣሁሽ፣ ትተነፍሻለሽ። ተመለስኩ። እሷን አንስቼ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት፣ ክንዷን አሽቼ አሽቼ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባሁት፣ ፀጉሯን አስተካከልኩ። ከዚያ ጮህኩ። ጎረቤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያየ የለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ገና ልጅ ነበርሽ። የዚያን ሸክም በየት ጎንሽ ልትሸከሚው? ተኝታ ሄደች ሲሉ ተኝታ ሄደች አልኩ።»

ተቀምጬ ነበር፣ መልሼ ምንጣፉ ላይ ወደቅኩ። ልጅ ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ልጅን ቀድሞ ይወስዳል፤ ይህን አነበብኩት፣ ጻፍኩት፣ ለተማሪዎች በሰሌዳ ላይ አስረዳሁ፣ ትንሹ ቀድሞ ይሄዳል አልኩ፣ አንድም ቀን ታዲያ አንቺስ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። እንደ ሕጉ ከሆነ እማዬ ጠዋት ስትመጣ የቀላሁት እኔ መሆን ነበረብኝ። አልጋዬ በበሩ በኩል ነበር። እኔን ያቆየኝ ያ የእጅ ስፋት ያህል አየር ነው።

«አለሽ?» አለች እማዬ።

«አለሁ።»

«እንግዲህ አሁን ንገሪኝ። ከአልጋዋ እስከ በሩ። ምን እየሆነች ነበር?»

ነገርኳት። ምንጣፉ ላይ ተኝቼ፣ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ፣ ለማንም እንዲህ ቀስ ብዬ አስረድቼ አላውቅም። መጀመሪያ ራስን እንደሚያም፣ ሆድን እንደሚያገላብጥ፣ እሱ ሳይሆን አይቀርም የቀሰቀሳት። ከዚያ እግር ነው የሚከዳው፣ ሰው ልቡ እየሄደ እግሩ እንደሚቀር፣ ስለዚህ ቆማ አልሄደችም፣ በጉልበቷ ነው የሄደችው። ሐሳብም ይጨልማል፣ አንዳንዱ ሰው በሩ የት እንዳለ ይጠፋዋል።

«እሷ ግን አልጠፋትም።»

«አልጠፋትም፣ እማ።»

«ፈርታ ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ ፈርታ ይሆናል። በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ደንዝዟታል። ክንዷ በረዶው ላይ ሲወድቅ ብርዱን አላወቀችውም። መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አያምም።»

«መጀመሪያው ረጅም ነው?»

«አይደለም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

 አውቶቡሶች አለፉ። ከዚያ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ፣ ስትናገርም ድምፅዋ የዱሮው ነበር፣ የፋብሪካው፣ ዱቄት የሚሸተው። «ይሄን ሁሉ ዘመን የምጠይቀው ሰው አጥቼ ስብሰለሰል» አለች፣ «ለካ ከቤቴ አሳድጌ የላክሁት ኖሯል።»  ፓስታውን እንዳልተወው አዘዘችኝ፣ አክስቴ ግልገሎቿ እንደበዙላት ነገረችኝ፣ ዘጋን።

ፓስታውን በላሁ። ሳህኑን አጥቤ ለወይዘሮ ሃጊኖ መለስኩ። በዓሉ ሲያልፍ ሥራ ገባሁ፣ ሺራኪ ከእናቱ ቤት ያመጣውን የሩዝ ብስኩት አደለን፣ በአረንጓዴው መብራት ሥር ቀጣዩን ቋጠሮ ጀመርን። እንቅልፍም ይመጣል አሁን፣ ጥቂት ጥቂት። ግን ያቺን ጉንጯ የቀላ፣ የተኛች የምትመስለዋን ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ዳግመኛ አላየኋትም። የምትመጣው ሌላይቱ ናት። ዓይኔን ስጨፍን ወለሉ ላይ በጉልበቷና በክርኗ ትሄዳለች፣ ፀጉሯ ይጎተታል፣ አልጋዬን ታልፋለች፣ ዱልማ ብዬ እጣራለሁ፣ አትዞርም፤ ፊቷ ወደ በሩ ነው።